በእግሩ ይውጣ

አዲስ አበባ ሳለሁ ለመዝናናት ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው አላውቅም ነበር። እንጦጦን የሚወጣው ጠበል ፈላጊ ነው፤ የምትወርደው ደግሞ እንጨት ተሸካሚ ናት። ከዚያ የራቀ ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ መናኝ ነው ወይ ሽፍታ። ስዊዘርላንድ ገብቼ ሰዎች እሑድ በመጣ ቁጥር ወፍራም ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ዳቦና አይብ በጀርባቸው አዝለው፣ ማንም ሳያሳድዳቸው ዳገት ሲወጡ ሳይ ጤንነታቸውን ተጠራጠርኩ። ኋላ እኔም ወጣሁ፤ ከብዙዎቹም የበለጠ ወጣሁ። የወጣሁት ግን አየር ለመቀበል አልነበረም። አንድ ሰው እየጠላሁ ነበር የምወጣው። ለጥላቻ ደግሞ ዳገት ይስማማል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ይቅር ለማለት የሚተርፍ ጉልበት አይኖርም።

የሰውየው ነገር የጀመረውም ተራራ ላይ ነው። ደርግ ሥልጣኑን ባደላደለበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ወጥተን ጄኔቭና ዙሪክ የገባን ጥቂት ስደተኞች በዓመት አንድ ቀን፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ አብረን የሚጎበኝ ቦታ የመሄድ ልማድ ነበረን። እኛ በአንዱ ባቡር፣ የዙሪኮቹ በሌላው ባቡር መጥተን እኩል መንገድ ላይ ካለ ተራራ ሥር እንገናኛለን። ወደ ላይ የሚያወጣው በሽቦ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሳጥን ነው፤ የጄኔቭ ሰዎች በፈረንሳይኛው ቴሌፌሪክ እንለዋለን። መጀመሪያ የተሳፈርን ዕለት ሳጥኑ ምሰሶ ባለፈና በተነቃነቀ ቁጥር ሁላችንም አንድ ላይ "እመብርሃን!" ስንል፣ አብረውን የነበሩት ጃፓኖች የአገራችን ዘፈን መስሏቸው አጨበጨቡልን።

ጫፉ ላይ በሐምሌ ያልቀለጠ በረዶ አለ፤ ከበታቹ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ወዲያ ደግሞ ሌሎች ተራሮች። በረዶውን በእጃችን እያፈስን ተወራወርን፤ ሳንቲም በሚበላው ትልቅ መነጽር ተራ በተራ አየን። ከመካከላችን አንዱ ከቦርሳው ባንዲራ አወጣ፤ አንበሳው ያለበትን። አዲስ አበባ ውስጥ ያንን ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። "እዚህ ደግሞ ማን ያየናል?" አለ። ሳቅን። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ።

ካሜራ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ቤታቸው ከቤታችን አራት በር ነው የሚርቀው። ዙሪክ ውስጥ ላንግሽትራሰ በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ትራም ያጸዳል፤ የመጀመሪያ ደመወዙን ለካሜራ ያዋለ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አነሣን። ከወር በኋላ ጄኔቭ ድረስ መጥቶ ለያንዳንዳችን አንዳንድ ፎቶ ሰጠን፤ ሁላችንም አምሮብናል። ለብቻዬ ግን ሌላኛዋን አሳየኝ። የበረዶው ነጸብራቅ ወግቶኝ ዓይኔን የጨፈንኩባት ናት።

"ይቺን ማንም አላያትም። አንድ ብቻ ናት ያሳጠብኩት" አለኝ እየሳቀ።

"ጣላት" አልኩት።

"እጥላታለሁ።"

ወደ ዓመት ሲጠጋ የዚህ ልጅ እናት ከአዲስ አበባ መጡ ተባለ። በዚያ ዘመን የመውጫ ቪዛ ከማግኘት ግመል በመርፌ ቀዳዳ ብትሾልክ ይቀል ነበር። ሚኒስትር የነበሩ ሰዎች ያላገኙትን አንዲት የቤት እመቤት አገኙት ሲባል ሁላችንም "እግዚአብሔር ሲሠራ እንዲህ ነው" አልን። እኔ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ በባቡር ዙሪክ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ ነው የምላቸው፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ቀሚሴ ሲቀደድ በራቸው ላይ አስቁመው ይሰፉልኝ ነበር።

ላንግሽትራሰ ላይ ከአንድ ቡና ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ አስቀመጡኝና እጄን ያዙ። ደብዳቤ ስለሚከፈት አባቴ የላከብኝን በቃላቸው ነው ይዘው የመጡት። አባቴ ታስሮ ነበር። ሦስት ወር። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል።

"አሁን ተፈተዋል፣ ልጄ፣ አትደንግጪ። በተረከዛቸው ብቻ እየረገጡ ነው የሚሄዱት እንጂ ደህና ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ንገሩልኝ ብለዋል፤ እኔ ትርጉሙ አልገባኝም። 'ፎቶውን አሳዩኝ፤ ዓይንሽን ጨፍነሻል፤ ፀሐዩ በዝቶብሽ ነው?' በሉልኝ አሉ።"

ልጃቸው ሻይ ይዞ ከማድቤቱ ብቅ ያለው ይህን ሲሉ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። የእናቱ የመውጫ ቪዛ በምን እንደተገኘ ለመረዳት ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ዓይኔን የጨፈንኩባት ፎቶ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሱ ኪስ ውስጥ።

እናቱ እጄን አለቀቁም። ሻዩን ጠጣሁ። ስነሣ ልጁ እስከ ትራሙ ፌርማታ ተከተለኝ።

"እማዬ ታማ ነበር" አለኝ። "ከመንግሥት የመጣ ሰው ነው ያገኘኝ። ፎቶውን ብቻ ነው የሰጠሁት። ባንዲራውን የያዘችው ማን ናት ሲለኝ ግን... የፈለግሽውን አድርጊኝ። ለእማዬ ብቻ አትንገሪያት። ካወቀች ትሞታለች።"

የት ላይ እንደሚያመው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ትራሙ መጣ፤ ሳልመልስለት ገባሁ። እስከ ጄኔቭ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባቡሩ መስኮት ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም። የማስታውሰው ጥርሴን ነክሼ አንድ ነገር ለራሴ መማሌን ነው፦ አባቴ የቀመሰውን ይህ ሰው በእግሩ ሳይቀምስ አልሞትም።

የምኖረው ጄኔቭ ዳር ቬርኒየ በሚባል ሰፈር፣ መጨረሻው ከማይታየው ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ የምሠራው ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ከጎኔ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ቤቷ እዚያው ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ነው፤ አገሯ ግን ባስክ ይባላል። ስፔንና ፈረንሳይ የተካፈሉት ተራራማ አገር ነው። ስፔናዊት ናት ያላት ሰው ወዮለት። አንድ ቀን አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ከእጇ እስኪያመልጥ ስጎትተው አየች። ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀችኝም። "እሑድ ጠንካራ ጫማ አድርገሽ ነይ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በጄኔቭ ዙሪያ ያልወጣነው ዳገት የለም። አረማመድ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሳይርብሽ ብዪ፤ ሳይደክምሽ ቁሚ፤ ጫፉን አትዪ፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ እዪ። ሁሉንም ሰማኋት፤ የመጨረሻውን ብቻ አልቻልኩም። እኔ በረገጥኩት ድንጋይ ሁሉ ላይ የማየው የዚያን ሰው ፊት ነበር፤ ጠበቅ አድርጌም ነበር የምረግጠው።

በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ለሁለት ሳምንት መንደሯ ወሰደችኝ። ድንበር ላይ ፖሊሱ የስደተኛ ሰነዴን ሲያገላብጥ፣ ብርሃን ላይ ሲያደርግ፣ ሲያሸት ቆየ፤ እሷ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ስትጮህበት ወዲያው መለሰልኝ። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ተራሮቹ እንደ ስዊዘርላንዶቹ ኩሩዎች አይደሉም። ዝቅ ያሉ፣ ክብ ክብ ያሉ፣ ካፊያ የማይለያቸው ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ሰው ቢመጣ ጋቢውን ተከናንቦ "ደህና ዋላችሁ" ብሎ የሚገባበት አገር ነው። ቤቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከታች ላሞቹ፣ ከላይ ሰዎቹ። በመጀመሪያው ቀን ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ እየመራን ዋሻ ገባን፤ የጥንት ሰዎች ግድግዳው ላይ የሣሏቸውን ፈረሶች አሳየን። በማግስቱ ጫካውን አቋርጠን ከእረኞች ጎጆ ደረስን፤ በጭስ የጠቆረ የበግ አይብ በካራ እየቆረሱ ሰጡን። ሌላ ቀን ከአንድ ጫፍ ላይ ከማድቤቴ የማትሰፋ የጸሎት ቤት አገኘን። ደወሏን የደወለ ሰው ዓመቱን ራስ ምታት አይዘውም ይላሉ። እኔም ደወልኩ፤ ጓደኛዬም ደወለች፤ ከሥር ያሉት በጎች ሁሉ ቀና አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መካድ አልችልም። ደስ ባለኝ ቁጥር ግን አባቴ በተረከዙ ሲሄድ ይታየኛል፤ እኔ በጤነኛ እግሬ አገር ለአገር የምዞር ሴት ራሴን መልሼ እጠላለሁ።

የጓደኛዬ ቤት ከጎረቤት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። አንድ ማለዳ የጎረቤቷ ሴት በራቸውን ስትጠርግ "ቦንዡር" ልላት ስል ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀችው። በጦርነታቸው ዘመን የዚያ ቤት ሰው አጎቷን ጠቁሞ አስወስዶታል፤ አጎቷም አልተመለሰም።

"ከዚያ ወዲህ አልተናገርናቸውም" አለችኝ።

"ስንት ዓመት?"

"ከአርባ በላይ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እኔ ግን ቀናሁ። ሕዝብ ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ፤ እኛ ደግሞ ገና ደሙ ሳይደርቅ ሽማግሌ የምንልክ ሰዎች ነን። ቢሆንም ዝምታ ብቻ ለእኔ አይበቃኝም ነበር።

የሚበቃኝን ያገኘሁት በመንደሩ በዓል ዕለት ነው። አደባባዩ መሐል አንድ ወፍራም ሰውዬ ወገቡን በመቀነት አሥር ጊዜ ጠምጥሞ፣ ክብ ድንጋይ ከመሬት አንሥቶ ጭኑ ላይ፣ ከጭኑ ደረቱ ላይ፣ ከደረቱ ትከሻው ላይ አወጣው። ሕዝቡ ጮኸ። የአገሩ ጨዋታ ነው። ሰውዬው ድንጋዩን ሲበቃው ጥሎት ወይኑን ጠጣ። እኔ ግን የእኛ አገር ድንጋይ ትዝ አለኝ። በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ከተበዳይ ፊት ይቀርባል። ሲበቃው አይጥለውም፤ የሚጥለው ተበዳይ "ጣለው" ሲል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ መንገዱም ከበር እስከ ወንበር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተሽቀዳድመው "በቃ በቃ" ይላሉ። መንገዱ ከዚያ ይርዘም የሚል ሰው ቢኖር ግን የሚከለክለው ሕግ የለም።

የሚያስፈልገኝ እሱ ራሱ ሽማግሌ እንዲልክ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ ላከ። ሊያገባ ነው፤ በተክሊልና በቁርባን። በዓመት አንዴ እየመጡ የሚቀድሱልን ካህን ንስሐውን ሰምተው "መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ" ብለው መልሰውታል። ሽማግሌው አዲስ አበባ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ዙሪክ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቬርኒየ ድረስ መጥተው ሶፋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሉኝ።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውንስ የት ጣሉት፣ ጋሼ?"

"አልጣልኩትም። ልጁ ጥፋቱን አምኗል። ደግሞም ባንዲራውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ማንም አላስያዘሽም።"

ይህን ሲሉኝ ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። እውነት ስለነበር ነው ያንገበገበኝ። ይዤው የቆየሁትን ያን ጊዜ አወጣሁት።

"እሺ። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። ግን እዚህ ቤት አይደለም፤ ፎቶውን ያነሣበት ቦታ ላይ ነው የምታረቀው። ቴሌፌሪክም አይሳፈርም። ድንጋዩን ይዞ ከሥር ጀምሮ በእግሩ ይውጣ።"

"ይህማ ሥርዓት አይደለም።"

"የአባቴንም እግር የገረፉት በሥርዓት አልነበረም።"

ከሶፋው ጠርዝ ተነሥተው፣ "እነግረዋለሁ" አሉ።

በሰኔ ወር አንድ እሑድ ተራራው ሥር ተገናኘን። እኔ ባስክ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ፤ በእግር የሚወጣበትን መንገድ የምታውቀው እሷ ናት። እርቅ እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ ድንጋዩን ስነግራት ዓይኗ በርቷል። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጎ መጥቷል፤ ለእርቅ በክብር ነው የሚቀረበው። ሶሉ ለስላሳ መሆኑን አየሁ። ጋሼ ከዙሪክ ብርቱካን የምታህል ድንጋይ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው መጥተዋል።

"ይቺ ትበቃለች" አሉ።

"ይቺማ የወጥ ቤት ናት" አልኩና ወንዙ ዳር ወርጄ ሌላ መረጥኩ። ጓደኛዬ አንሥታ ገመተችው፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ይሆናል አለች፤ አያያዙንም አሳየችው። "አንገት ላይ አይደለም፣ ትከሻ ላይ" እያለች እንደ አሠልጣኝ አስተካከለችለት። ጋሼ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ቴሌፌሪኩ ሄዱ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተራራ መንገድ ምልክት የሚነግርህ ርቀቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ቢጫው ሰሌዳ ሁለት ሰዓት ከአርባ ይላል። ለሰው ነው እንጂ ድንጋይ ለያዘ ሰው አይደለም። ጓደኛዬ ከፊት፣ እሱ መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ከኋላ የሆንኩት እግሩን ለማየት ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ዝም ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሶሉ መንሸራተት ጀመረ። ላሞች በሚግጡበት መስክ በኩል ስናልፍ ጉልበቱ መሬት ነካ፤ ድንጋዩን ግን አልጣለም። ኋላ ተረከዙ ላይ ካልሲው ሲቀላ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ሁለት ዓመት የተጠማሁት ነው። እያንዳንዷን እርምጃ በልቤ "ይቺ ለአባቴ፣ ይቺም ለአባቴ" እያልኩ ነበር የምወጣው። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ "ትንሽ ልረፍ?" አለኝ። "እነሱ አባቴን አሳረፉት?" አልኩት። ቀጠለ።

ጫፉ ሲቃረብ በዱላ የሚወርዱ የአገሩ ባልና ሚስት አገኘን። ባልየው ድንጋዩን አይቶ ቆመ፤ ሰውየውን በጀርመንኛ ይቆጣው ጀመር። ይህ የተጠበቀ ቦታ ነው፤ ድንጋይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ሁሉም አንዳንድ ቢወስድ ተራራው ምን ይቀረዋል? ሰውየው ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ከሥር ወደ ላይ እያወጣሁት ነው እንጂ እየወሰድኩት አይደለም ብሎ አስረዳ። ባልየው ለአፍታ አሰበና ይህንን የሚከለክል ደንብ ትዝ ስላላለው "እንግዲያው መልካም መንገድ" ብሎት ሄደ። ጓደኛዬ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ጫፍ ስንደርስ እንደዚያ ዓመት በረዶው አለ፤ ሐይቁም አለ፤ መነጽሩም አለ። ጋሼ ቆመው ይጠብቁናል። ከጎናቸው አግዳሚው ላይ፣ አይስክሬም ከሚበሉ ጎብኚዎች መሐል፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። እናቱ ናቸው።

ጋሼ ዳኝነታቸውን አልረሱም። እናት ከለመነች እምቢ እንደማይባል ያውቃሉ፤ የመጨረሻ ምስክር አድርገው በቴሌፌሪክ ይዘዋቸው ወጥተዋል። ሰውየው ሲያያቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ዳገቱን ሁሉ ስንወጣ ያላየሁት ነው።

"ልጄ" አሉኝ እማማ እየተነሡ፣ "በፖለቲካ ተጋጭታችሁ ነው አሉኝ። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ስለ እኔ ብለሽ ማሪው፤ ትከሻው ተላጠ።"

እውነቱን ለመናገር "ጣለው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ጠግቤም ነበር። እማማ ግን አላቆሙም።

"እሱ እኮ ለእናቱ የማይሆነው የለም። ከዚያ ሲኦል ያወጣኝ፣ ይህንን የመሰለ የእግዚአብሔር ሥራ ያሳየኝ እሱ ነው። ማንም ያላገኘውን ቪዛ በጸሎቱ አገኘልኝ።"

"በጸሎት አይደለም፣ እማማ" አልኩ።

"አደራሽን" አለ እሱ። ጋሼ እጃቸውን አነሡ። እኔ ግን ተናገርኩ፤ ሁሉንም። ባንዲራውን፣ ፎቶውን፣ ከመንግሥት የመጣውን ሰውዬ፤ "ዓይንሽን ጨፍነሻል" የሚለውን፣ ራሳቸው ያመጡልኝን መልእክት ከነትርጉሙ። ድምፄ ጥርት ብሎ ነበር የሚወጣው።

እማማ ልጃቸውን አዩት። "እውነት ነው?"

"ታመሽ ነበር፣ እማዬ።"

"ቪዛው ተፈቀደልሽ ያሉኝ አባቷ የተወሰዱ ሳምንት ነው" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። "በራቸው ላይ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ ነበር። ሲመሽ እመጣለሁ ብዬ የፓስፖርት ፎቶ ልነሣ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ "እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉት።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌፌሪኩ ሄዱ፤ ጋሼ ከኋላቸው ሮጡ። ሳጥኑ እስኪሰወር ድረስ ሰውየው ድንጋዩን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። ጣለው ያለው ሰው አልነበረምና። በመጨረሻ ጓደኛዬ ከትከሻው ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። አማርኛ አትችልም፤ ስንወርድ "እንግዲህ አሸነፍሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት።

እማማ በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ካህኑም ለመኗቸው፣ ጋሼም ለመኗቸው፤ ልጃቸው ሠርጉን ትቶ እግራቸው ላይ ተደፋ። "በሰው እግር ተሸጬ የመጣሁበት አገር ውሃው አይወርድልኝም። ሄጄ ደጃቸው ላይ እወድቃለሁ" ነው ያሉት። ለእኔ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ለስንብት ሄጄ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመው ካፖርቱን መለሱልኝ፤ አዲስ አበባ አያስፈልግም አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ የአባቴ ደብዳቤ መጣ። ሴትዮዋ በደህና ገብተዋል ይላል። ከዚያም "እንደገቡ ለአሥራ አምስት ቀን ዘመድ ጋ ከርመው ነበር፤ አሁን ቤታቸው ገብተዋል" ይላል። ዘመድ ጋ መክረም በእኛ ቋንቋ መታሰር ነው። ከውጭ አገር በፈቃዱ የሚመለስ ሰው ማን ልኮት ነው ብለው መሆን አለበት። ቀጥሎ ያለውን ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ሲወጡ በቀጥታ እኔ ጋ መጥተው እግሬ ላይ ወድቀው አለቀሱ። አንቺ ነግረሻቸው እንደመጡ አጫወቱኝ፤ ምን ብለሽ እንደሆነ ግን ብለምናቸው አልነገሩኝም። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣቸው ቃል መቼም ደግ ቃል ነው ብዬ መረቅኩሽ።"

በማግስቱ ዙሪክ ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ ለራሴ አልነገርኩም። የባቡሩን መንገድ ግማሽ ያህል፣ አሁን የእሱም ሰው ታስሮ አየው፣ ደረሰበት እያልኩ ነበር፤ ደስታ ነበር ስሜቱ፤ ደስታው ግን እንደ ወትሮው አልያዘልኝም። ላንግሽትራሰ ደርሼ ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። ከፈተልኝ፤ ጢሙን ካልተላጨ ሰንብቷል። "ግቢ" አለ። ያለው መቀመጫ የእናቱ አልጋ ብቻ ነው፤ እዚያው ተቀመጥኩ።

"ደብዳቤ መጣ አሉኝ። አንብቢልኝ" አለኝ።

አነበብኩለት። በደህና ገብተዋል፤ ዘመድ ጋ ከርመው ነበር፤ አሁን ቤታቸው ገብተዋል። እግሬ ላይ ወድቀው የሚለውና ምርቃቱ ሳይደርስ እዚያ ላይ አቆምኩ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሌላስ ምን ይላል?"

"ሰላምታ ብቻ ነው" አልኩት፤ ወረቀቱንም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።